ከወለሉ ሥር የቀረው ክረምት

የትንሿ ልጄ ሳል የጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። መጀመሪያ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ክረምት ነው፣ ልጆች ይስላሉ። ዝንጅብል አፍልቼ በማር አጠጣኋት፣ ጋቢ ደረብኩላት፣ ትምህርት ቤትም ዝግ ስለነበር ብርድ እንዳይመታት ብዬ ከክፍሏ እንዳትወጣ ከለከልኳት። አሁን ሳስበው ካጠፋሁት ሁሉ የከፋው ይህ የመጨረሻው ነው። ከበሽታ እጠብቃታለሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ የዘጋሁባት ክፍል ራሱ ነበር የሚያሳምማት።

የምንኖረው ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ቁልቁል ከሚወርዱት ሰፈሮች በአንዱ ነው። ቤቱ የአማቴ ነው። ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ ብቻቸውን አንተዋቸውም ብለን ከአምስት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ ልጆቻችንን ይዘን አብረናቸው ገባን። ሁላችንም የምንጠራቸው “እማማ” ብለን ነው። ቤቱ የድሮ ቤት ነው፤ መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጣውላ። ጣውላው መሬት ላይ የተነጠፈ አይደለም። በሞራሌ ተሸካሚዎች ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ከሥሩ አንድ ክንድ ያህል ባዶ ቦታ አለ። በመሠረቱ ድንጋይ መሀልም ዙሪያውን ጡብ ጡብ የሚያክሉ ስድስት ቀዳዳዎች ነበሩ።

“ነበሩ” ያልኩት በምክንያት ነው። የደፈንኳቸው እኔ ነኝ።

በገባን በዓመቱ አይጥ አስቸገረን። ማታ ማታ ከወለሉ ሥር ሲሯሯጡ ይሰማ ነበር። በዚያው ሰሞን ግቢውን ሲሚንቶ እያስደረግን ስለነበር ለሠራተኞቹ “እነዚህንም ቀዳዳዎች ድፈኑልኝ” አልኳቸው። ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። እማማ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ቆይተው፣ “ልጄ፣ ቤቱን አፈንሽው እኮ” አሉኝ። እኔም ስቄ፣ “እማማ፣ አይጦቹን ነው ያፈንኳቸው” ብዬ አለፍኩ። የድሮ ሰው ወግ ነው ብዬ ነበር የወሰድኩት። እሳቸውም ደግመው አላነሱትም።

በቀለም የተሸፈነው ነገር

የመጀመሪያውን ጥቁር ነጠብጣብ ያየሁት ለእንቁጣጣሽ ቤት ሳጸዳ ነው። የልጄንና የእማማን የጋራ መኝታ ክፍል ቁም ሳጥን ሳንቀሳቅሰው ከበስተኋላው ያለው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ሽንብራ የተበተነበት መስሎ ጠብቋል። ሽታውም ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ጎተራ ዓይነት ነው። በዓሉ አራት ቀን ቀርቶታል፤ እንግዳ ይመጣል። በበረኪና ፈትጌ አጠብኩት፣ በማግስቱ ቀለም ቀቢ ጠርቼ ሁለት እጅ አስቀባሁት። በበዓሉ ቀን ቤቱ አምሮ ዋለ። የመጡት ሁሉ አደነቁልኝ።

ጥቅምት ላይ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። በቀጣዩ ክረምት ደግሞ ሻጋታው ብሶበት ተመለሰ፤ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አልፎ እስከ ልጄ አልጋ ራስጌ ደረሰ። እንደገና አጠብኩት፣ እንደገና አስቀባሁት። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይጨምራል እንጂ በአንድ ቀን አያስደነግጥም።

ያን ሐምሌ የልጄ ሳል ሁለት ሳምንት አለፈው፣ ከዚያ ወር ሞላው። ሌሊት ሌሊት ደረቷ ሲያፏጭ ከሳሎን ይሰማኝ ጀመር። ሁለት ጊዜ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ መድኃኒት ታዘዘላት፣ ቀለል አላትና ተመለሰባት። በሦስተኛው ጊዜ ያየቻት ሐኪም ግን ከዚያ በፊት ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ። “ሳሏ የሚብሰው መቼ ነው? ከቤት ርቃ ስታድርስ ይሻላታል?”

ያኔ ነው አዳማ ትዝ ያለኝ። እህቴ ጋ ሄደን አምስት ቀን ስንቆይ አንድም ሌሊት አልሳለችም። ለውጡን ያመጣው ሙቀቱ ነው ብለን ነበር። ሐኪሟ ቀጥላ “የምትተኛበት ክፍል እርጥበት አለው?” አለችኝ። ዝም አልኩ። ሁለት ጊዜ በቀለም የሸፈንኩት ግድግዳ ፊቴ ላይ መጣ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ መመሪያ አውጥቷል። በእርጥበታማና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ሳል፣ የደረት ማፏጨትና አስም እንደሚበዛባቸው ያስረዳል። ሻጋታ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዘሮችን ወደ አየር ይለቃል፤ አስም ያለበት ሰው ሲስባቸው የአየር ቧንቧው ይቆጣል። የልጄን አስም የፈጠረው ያ ግድግዳ ነው ብላ ሐኪሟ አልፈረደችም። “እዚያ ክፍል ውስጥ እያደረች ግን መድኃኒቱ ብቻውን አያሸንፍም” አለችኝ። በዚያው ምሽት የልጄንም የእማማንም አልጋ ወደ ሳሎን አወጣን።

ሽማግሌው ግንበኛ

ባለቤቴ አንድ መፍትሔ ነበረው። ጣውላውን አንስተን ጥለን ኮንክሪት እናፍስ፣ ሴራሚክ እናንጥፍ አለ። እኔም ተስማማሁ። ዋጋ እንዲነግሩን የሰፈራችንን ሽማግሌ ግንበኛ ጠራን። የመጡት ነሐሴ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል ነው። ቤት ግቡ ስንላቸው እምቢ አሉ። “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ልጄ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳላይ ወለል አልሠራም” ብለው ዣንጥላ ይዘው ዝናቡ ሲወርድ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

ከዚያ እኔንም ጠርተው አሳዩኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በዝናብ ወጥቼ የራሴን ቤት አይቼ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ያሳዩኝ አሸንዳውን ነው። በልጄ ክፍል ማዕዘን ላይ መጋጠሚያው ተላቆ ውሃው ቀጥ ብሎ ግድግዳው ሥር ይፈሳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የእኛ ጣሪያ 80 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,400 ሊትር፣ ማለትም 12 በርሜል ውሃ ይሆናል። ግማሹ እንኳ በዚያ ማዕዘን ቢወርድ ስድስት በርሜል ውሃ ልጄ ራስጌ ሥር ደፋን ማለት ነው።

ሁለተኛው ግቢው ነበር። መኪና ጭቃ እንዳይነካው ብለን ያስደረግነው ሲሚንቶ ከድሮው መሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል፤ ቁልቁለቱም ወደ አጥሩ ሳይሆን ወደ ቤቱ ነው። ውሃው እየተንደረደረ መጥቶ መሠረቱ ጋ ይቆምና ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ሦስተኛውን አላሳዩኝም፤ ጠየቁኝ። “የዚህ ቤት አፍንጫው የት አለ?” አሉ። በድንጋዩ መሀል አራት ማዕዘን የሲሚንቶ ጥፍጥፎች ይታያሉ። እማማ በረንዳው ላይ፣ የዚያን ዕለት የተቀመጡበት ቦታ ላይ ነበሩ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ምንም አላሉም። እኔም “እኔ ነኝ የደፈንኳቸው” አልኩ።

ግንበኛው ገብተው ሁለት ጣውላ ነቀሉ። የወጣው ሽታ ቀለም ለሁለት ዓመት የሸፈነልኝ ሽታ ነው። ባትሪ ሲያበሩ ከሥር ውሃ አብረቀረቀ። ተሸካሚውን ሞራሌ በካቻቢቴ ወጋ ሲያደርጉት ብረቱ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ ሰመጠ። ልጄ በየቀኑ የምትዘልበት ወለል ነው።

ነገሩን እንዲህ አስረዱኝ። መሬት ክረምትም በጋም እርጥበት ይተነፍሳል። ቀዳዳዎቹ ክፍት ሲሆኑ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይዞት ይወጣል። ሲደፈኑ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ጣውላውን፣ ተሸካሚውን፣ የጭቃውን ግድግዳ ይይዛል። እንጨት ደግሞ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በላይ ውሃ ይዞ ከቆየ የመበስበስ አደጋ ይጀምረዋል። ግድግዳውን ከውጭ በሲሚንቶ መለሰኑ አባባሰው፤ ሲሚንቶው የገባው ውሃ ተመልሶ እንዳይወጣ ስለሚያግድ ጭቃው ወደ ክፍሉ በኩል ላበ። “በዚህ ላይ ኮንክሪት ብናፈስስ ውሃው የት ይሄዳል? በግድግዳው ይወጣላ!” አሉ። ሴራሚኩ ቀረ።

ውሃው ከየት እንደሆነ ለማወቅ

እኛ የተማርነው በመዘግየት ነው። እናንተ ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ልታደርጓቸው የምትችሏቸው ሁለት ቀላል ፍተሻዎች አሉ።

አንደኛው የቧንቧ ነው። የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን ተመልከቱ። ማንም ሳይጠቀም የሚዞር ከሆነ የሆነ ቦታ የሚያፈስ ቧንቧ አለ። የእኛ አልዞረም፤ ጥርጣሬያችን ወደ ዝናቡ ብቻ ሆነ።

ሁለተኛው የፕላስቲክ ነው። ክንድ በክንድ የሆነ ላስቲክ እርጥብ በሚመስለው ግድግዳ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉና አንድ ወይም ሁለት ቀን ተዉት። ጠብታው ከላስቲኩ ፊት፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ ውሃው ከቤቱ አየር የመጣ ነው፤ የማብሰል እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ፣ ተዘግቶ የታደረበት ትንፋሽ። ይህ መስኮት በመክፈት ይቃለላል። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ግን ውሃው በግድግዳው ውስጥ ነው፤ መስኮት ቢከፈት ብቻውን አያድነውም። የእኛ ከጀርባ ነበር።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግራቸው ከላይ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የመታጠቢያ ቤቷ ኮርኒስ ሲጠቁር ሦስት ጊዜ አስቀባችው። በመጨረሻ ከላይ ያለችውን ጎረቤቷን ቡና ጠርታ ስትነግራት የሽንት ቤቱ መጋጠሚያ ማፍሰሱን የቤቱ ባለቤት ራሷ አታውቅም ነበር። በኪራይ ለሚኖር ሰውም ቢሆን በቀለም ከመሸፈን ፎቶ አንስቶ ለአከራዩ ማሳየት ይሻላል። አከራይም ቢሆን የበሰበሰ ወለል ይዞ አይጠቀምም።

የተራቆተው ቤት

ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ከባዱ ቅደም ተከተሉን መጠበቁ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አሸንዳው ታሰረ፤ መውረጃ ቧንቧ ተገጥሞለት ውሃው ከቤቱ ርቆ ወደ መንገዱ ቦይ እንዲሄድ ተደረገ። ቀጥሎ ግድግዳውን ተከትሎ የግቢው ሲሚንቶ ክንድ በሚያህል ስፋት ተሰብሮ ተነሳ፤ በቦታው ቦይ ተቆፍሮ ኮረት ተሞላበት። የቀረው ግቢ ቁልቁለቱ ተስተካከለ። ግንበኛው የሰጡን ልክ በየሜትሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ከቤቱ እንዲርቅ ነው። ከዚያ ስድስቱም ቀዳዳዎች ተከፈቱ። ለአይጡ መልሱ ሲሚንቶ ሳይሆን ሽቦ ነበር፤ ዓይኑ ከስድስት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ወንፊት ሽቦ ተገጠመላቸው። ነፋስ ይገባል፣ አይጥ አይገባም።

ከዚያ የክፍሉ ጣውላ በሙሉ ተነሳ፣ ጭቃው በአካፋ ወጣ፣ የግድግዳው ልስን ከታች አንድ ሜትር ያህል ተፈለፈለ። “አሁን ተዉት” አሉ ግንበኛው። “እስከ መቼ?” ስላቸው “እስኪደርቅ” ብለው ሄዱ።

ቡሄ ካለ የለም ክረምት ይባላል። በእኛ ቤት ግን ክረምቱ ከወለሉ ሥር ገና ነበር። ትዕግሥት አጥቼ አንድ ማታ ክፍሉን ለማድረቅ የከሰል ምድጃ አቀጣጥዬ በሩን ልዘጋ ስል እማማ አስቆሙኝ። ልክ ነበሩ። የከሰል ጭስ መርዝ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ቤት ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ለእርጥብ ቤት የሚያስፈልገው ነፋስና ጊዜ ብቻ ነው።

የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ የመጡት እንግዶች ሳሎን ውስጥ በተደረደሩ አልጋዎች መሀል ተቀምጠው ዶሮ ወጥ በሉ። የክፍሉ በር ተከፍቶ የተፈለፈለው ግድግዳ፣ ወለል የሌለው መሬት ይታያል። “ምን ነካው ቤቱ?” የማይል የለም። እኔ አፈርኩ። እማማ ግን ለጠየቀ ሁሉ “እየታከመ ነው” ይሉ ነበር።

ሻጋታውን ያጸዳነው ውሃው ከቆመ በኋላ ነው። የሚያስፈልገው ሳሙናና ውሃ፣ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ነው። ደረቁን በመጥረጊያ መቦረሽ ዘሩን በቤቱ ሁሉ መበተን ስለሆነ እያረጠቡ በጨርቅ መጥረግ ይሻላል። በረኪና ሴራሚክ ላይ ይሠራል፤ ጭቃና እንጨት ውስጥ የገባውን ሥር ግን አይደርስበትም። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ሆነ አሞንያ ካለበት ነገር ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የሻጋታው ስፋት ከአንድ ካሬ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ራስ ማጽዳት ይቻላል። ከዚያ ከበለጠ ወይም ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ሕመምተኛውን ማራቅ ያስፈልጋል። ሻጋታ የያዘውን የልጄን የጥጥ ፍራሽ ግን ማጠብ አልሞከርንም፤ አስወገድነው። አዝኛለሁ፤ ከእናቴ ቤት ያመጣሁት ጥጥ ነበር።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ግንበኛው ተመልሰው መሬቱን በእጃቸው ዳበሱትና “አሁን ሆነ” አሉ። በአፈሩ ላይ ወፍራም ላስቲክ ተነጠፈ፤ መጋጠሚያው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተደራረበ። አዳዲስ ሞራሌዎች ገቡ፣ ደህናው ጣውላ ተመለሰ። ግድግዳው በሲሚንቶ ሳይሆን በጭድ በተቦካ ጭቃ ተመርጎ በኖራ ተቀባ። ጭቃው ስንት ቀን መቦካት እንዳለበት፣ ጭዱ ምን ያህል መድቀቅ እንዳለበት የተናገሩት እማማ ናቸው። ግንበኛው እንኳ እየጠየቋቸው ነበር የሚሠሩት። ወጪውን ስንደምረው ሴራሚኩ ይጠይቀን ከነበረው እጅግ ያነሰ ነው።

ስድስቱ ቀዳዳዎች

ልጄ ዛሬም አስም አለባት። መንፊያዋ ከቦርሳዋ አይለይም፤ አቧራና ጭስ ሲበዛ ደረቷ ያፏጫል። የቤቱ መድረቅ በሽታዋን አላጠፋውም። ነገር ግን ያለፈውን ክረምት ሌሊቱን ተኝታ አሳልፋለች፣ እኔም እንዲሁ። ሐኪሟም የመድኃኒቱን መጠን ቀንሳላታለች።

የቤቱ ሥርዓትም ተለውጧል። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቆ ይቀመጣል። ልብስ የሚሰጣው በረንዳ ላይ ነው። ዝናቡ ቆም ሲል፣ ቢበርድም፣ ትይዩ ያሉ መስኮቶች ለግማሽ ሰዓት ይከፈታሉ። ውሃ የነካው ምንጣፍ ወይም ጨርቅ ሳይውል ሳያድር ይደርቃል፤ እርጥብ ነገር ሻጋታ ለመያዝ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃዋልና። ግንቦት ላይ አሸንዳው ከቅጠል ይጸዳል። በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ደግሞ ዣንጥላ ይዤ ወጥቼ ቤቴን እዞረዋለሁ።

የቀዳዳዎቹ ሥራ ግን የእኔ አይደለም። መስከረም ሲጠባ እማማ ከዘራቸውን ይዘው፣ ልጄ ደግሞ አጭር መጥረጊያ ይዛ ቤቱን ይዞራሉ። እማማ በከዘራ ያመለክታሉ፣ ልጄ ጎንበስ ብላ ከሽቦው ላይ ቅጠልና የሸረሪት ድር ትጠርጋለች፤ ጮክ ብላም ትቆጥራለች። ዘንድሮ ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ እማማ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ “አየሽ፣ ይህቺ አትደፍነውም” አሉኝ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ያሉኝ ነገር ይኸው ብቻ ነው።